ጋሽ ተሰማ የተመሰገኑ ሰሞን

ጋሽ ተሰማን ከሥራ ያስቀራቸው ምስጋና ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ አጨብጭቤያለሁ፣ አልቅሻለሁም።

ቃሊቲ ባለው ብርድ ልብስ ፋብሪካችን ውስጥ እኔ ማጠፊያ ክፍል ነኝ። ወርቅውሃ ካላችሁ ከጥበቃ እስከ ክሊኒክ የማያውቀኝ የለም፤ በአፌ ነው የሚያውቁኝ። ጋሽ ተሰማ ደግሞ ሽመና ክፍል ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ያንኑ ማሽን ይዘው። ጠዋት ሲያስነሱት በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ከዚያ እስከ ማታ ከሰው ጋር አያወሩም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህማ ያለ ሥራ መዋል ያማቸዋል። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ወደ ቤት ስንበተን፣ እሳቸው በሩ ጥግ ቆመው መብራቱን ሲጠብቁ ዋሉ። ጥበቃው ወንበር ሰጣቸው፣ አልተቀመጡም።

እንግዲህ የፋብሪካችንን ወግ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሰው የሚመሰገነው ሲወጣ ብቻ ነው። ደህና ከሠራህ ደመወዝህን በላህ፣ አለቀ። ካጠፋህ ማስጠንቀቂያ ይደርስሃል። ጡረታ የወጣህ ቀን ግን ካፍቴሪያው ውስጥ ወንበር ይደረደርልሃል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ሥራ አስኪያጁ ስላበረከትከው አስተዋጽኦ ይናገራል፣ ጋቢ ይደረብልሃል፣ ፎቶ ትነሳለህ፣ ሁሉም ይስምሃል፣ በበሩ ትወጣለህ። ጋቢ ተደርቦለት በማግስቱ ሥራ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን ለአዲስ ገቢ የሚነግር የለም። ሁሉ የሚያውቀውን ማን ይነግራል?

አቶ ጌዲዮን ግን አዲስ ገቢ ነበር። ቦሌ ካለ አንድ ቢሮ ነው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የመጣልን። ልጅ እግር፣ ጨዋ፣ ጫማው አቧራችንን ገና ያልለመደ። ቢሾፍቱ አንድ ሆቴል ውስጥ የአስተዳደር ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆነ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት በየክፍሉ እየዞረ "እንደምን አደራችሁ" ማለት ጀመረ፤ ሠራተኛው ተረበሸ። ቀጥሎ "የሚያስቸግራችሁ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀ። የዚያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ የሠራተኛ ቅነሳ ሊኖር ነው ተባለ። እኔም አመንኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ፈገግ ይላል እኮ!

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካፍቴሪያ ተሰብሰቡ ተባልን። ወንበር ተደርድሯል፣ ለስላሳ ተከፍቷል። "ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?" እየተባባልን ተቀመጥን። ጡረታ የደረሰበት ሰው ብናስብ ብናስብ አጣን። አቶ ጌዲዮን ተነሳና "አቶ ተሰማ ወደ ፊት ይምጡልኝ" አለ።

ጋሽ ተሰማ ጡረታ ሊወጡ ገና ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል። ሌላ ተሰማ ያለ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ተነሱ፤ ቱታቸው ላይ የተጣበቀውን ብናኝ እያራገፉ ወጡ።

አቶ ጌዲዮን ስለ ታማኝነታቸው ተናገረ። ስለ ረጅም ዘመን አገልግሎታቸው ተናገረ። ከዚያ የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ አያና ከላስቲክ ውስጥ ጋቢ አወጣ። በቃ፣ ያኔ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመርን። እኔ ዝም ብዬ አልነበረም ያለቀስኩት፣ ድምፅ አውጥቼ ነው። አቶ ጌዲዮን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወደ አቶ አያና ጠጋ ብሎ "ሠራተኛው ይህን ያህል የሚዋደድ አልመሰለኝም ነበር" ሲለው ሰማሁት። አቶ አያና ወጉን ያውቀዋል፤ ግን ከበላይ የመጣ ነገር ነው ብሎ አፉን ዘግቷል።

ጋሽ ተሰማ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ጋቢውን አስተካከሉና "ያስቀየምኩት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ" አሉ። ቀጥለውም "ማሽኔን የሚረከበው ልጅ ማለዳ ማለዳ አያጣድፋት። ብርድ ትፈራለች" አሉ።

"ትሕትናቸውን አያችሁ!" አለና አቶ ጌዲዮን አጨበጨበ። እኛም እያለቀስን አጨበጨብን። ተራ በተራ ሳምናቸው። የሣጥናቸውን ቁልፍ ለፎርማኑ ሰጡ፣ ጋቢውን እንደለበሱ በበሩ ወጡ። ለምን አባረራችሁኝ ብሎ መጠየቅ ለእሳቸው ልመና ነው። ቢሞቱ አይጠይቁም።

ሰኞ ማሽኑ ቆሞ ዋለ። አቶ ጌዲዮን እየዞረ "እንደምን አደራችሁ" ሲል ሽመና ክፍል ደረሰና "አቶ ተሰማስ?" ብሎ ጠየቀ። ፎርማኑ ሰውዬው የሚያሾፍበት መሰለውና አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ማክሰኞም ጠየቀ፣ ረቡዕም ጠየቀ። ሰው ጨርሶ ጠላው። አባርሮ ደግሞ ይጠይቃል እንዴ?

ሐሙስ ማጠፊያ ክፍል ድረስ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

"ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ከአቶ ተሰማ ጋር ትግባባላችሁ አሉኝ። ሰው እንዴት ተሸልሞ ይቀራል? ነገም ካልገቡ በደንቡ መሠረት መሰናበታቸው ነው። እኔ ደግሞ አልፈልግም፤ እባክዎ ይንገሯቸው።"

እጄ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

"አቶ ጌዲዮን፣ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚባረረው?"

"ማን አባረራቸው?"

"እርስዎ ነዎት! ዓርብ ዕለት! ሕዝብ ሰብስበው፣ ለስላሳ ከፍተው፣ ጋቢ ደርበው!"

"ጋቢው ሽልማት ነው።"

"ኧረ በማርያም! እዚህ ቤት ጋቢ የሚደረበው ለወጣ ሰው ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት የምትሠራዋን ይጠይቋት፣ ጥበቃውን ይጠይቁ። እኔስ እንባዬ ያለቀው ለምን መሰልዎት፣ ለሽልማት?"

የታሰረ ብርድ ልብስ ላይ ቁጭ አለ፣ በዚያ ንጹሕ ሱሪው። "አባቴ ጋቢ ይወዳል" አለ። "እሳቸውም በዕድሜ እንደሱ ናቸው ብዬ፣ ራሴ ሄጄ ነው የመረጥኩት።" ስንናደድበት ሰንብተን እንደዚህ ሲል አንጀቴን በላው። ግን አላሳየሁትም።

"ይነሱ" አልኩት። "ቤታቸውን አውቀዋለሁ።"

አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር ስንደርስ የጋሽ ተሰማ ደጅ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ጎረቤት ሊያጽናና ተሰብስቦ ነበር። ልጃቸው እድላዊት በሩን ከፈተችልን፤ አቶ ጌዲዮንን ስታይ መልሳ ልትዘጋው ምንም አልቀራት። "እህል አልቀምስ ብሏል" አለችኝ። "ንጋት ላይ ይነሳል፣ ልብሱን ይለብሳል፣ የሚሄድበት ያጣና መልሶ ይቀመጣል።"

ጋሽ ተሰማ ጥግ ላይ ነበሩ። ከስተዋል። አቶ ጌዲዮንን ሲያዩ ግን ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ጨዋነታቸውስ አልተባረረም። እሱ አልተቀመጠም። እጁን አጣምሮ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆመና ሁሉንም ተናገረ። አላባረርኩዎትም፣ ወጉን አላወቅኩም፣ ቦታዎ አለ፣ ነገ ይግቡ አላቸው።

ጋሽ ተሰማ ቀና ብለው አዩት።

"ካላባረሩኝ" አሉ፣ "ታዲያ ለምን አመሰገኑኝ?"

አሁን የቢሾፍቱን ሥልጠና ያወራልናል ብዬ ፈራሁ። አላወራም። "ሥራዎ ስለሚያምር ነው" አለ። "ከሌሎቹ ማሽኖች እንከን አለው ተብሎ የሚመለስ ብርድ ልብስ አለ። ከእርስዎ የተመለሰ አላየሁም። ደስ አለኝ፣ ደስ እንዳለኝ ልንገርዎት ብዬ ነው።"

"ይቺኑ ለመናገር ነው ያን ሁሉ ሰው የሰበሰቡት?"

"አዎ።"

"ማሽኔ ዘንድ መጥተው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

ጥያቄው እኔንም ነካኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ያንን ብርድ ልብስ ስንት ዘመን ሳጥፍ፣ እጄ እያወቀው፣ አንድ ቀን ሄጄ አልነገርኳቸውም። ማንም አልነገራቸውም።

"ነገ ብገባ ደግሞ ሰው ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ተሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ተሰናብቼ፣ ተለቅሶልኝ…"

"ምንም አይልም!" አልኩ። "በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። አንድ ቃል የተነፈሰ ሰው ከእኔ ጋር ይገናኛል!"

በማግስቱ በር ላይ ቆምኩ። ጋሽ ተሰማ ሲገቡ ሁሉም እንደ ወትሮው "ደህና አደሩ" ብሎ አለፈ። ፎርማኑ ቁልፉን መለሰላቸው። ማሽኑን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አስነሱት፤ እኔም እፎይ ብዬ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ረፋድ ላይ ያለቀውን ልረከብ ጋሪ እየገፋሁ ሽመና ክፍል ስገባ አቶ ጌዲዮን መጣ። ብቻውን ነው፤ አቶ አያናም የለ፣ ፎቶ አንሺም የለ። ጋሽ ተሰማ ጎን ሄዶ ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ከተተው፣ መልሶ አወጣው። ከማሽኑ የሚወርደውን ብርድ ልብስ ዳሰሰና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አላቸው።

ጋሽ ተሰማ ማሽኑን አቆሙ። ለምሳ ደውል እንኳን ማሽን የማያቆሙ ሰው ናቸው፤ አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ምን ተበላሸ ብለው የየራሳቸውን አቆሙ። ክፍሉ ጭጭ አለ።

"ምን አሉኝ?"

"ጥሩ ነው አልኩ" አለ አቶ ጌዲዮን። ፊቱ ቀላ። "ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት።"

"እስቲ ይድገሙልኝ" አሉ ጋሽ ተሰማ። "በማሽኑ ጩኸት አልሰማሁም።"

የሚጮህ ማሽን አልነበረም። አቶ ጌዲዮን ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላቸው። ጋሽ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዓይናቸውን በቱታቸው እጅጌ ጠረጉና ሥራቸውን ቀጠሉ።