በማለዳ የመጡት ሽማግሎች

የልጅ ልጆቼ «እምየ፣ ያን ጦርነት ይንገሩን» እያሉ ስንት ጊዜ ጨቀጨቁኝ። ቴሌቪዥን ላይ ታንክ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ትልቁማ በአፉ «ድው! ድው!» እያለ ከወንበር ወንበር ይዘላል። እኔን ያቅለሸልሸኛል። «ሌላ ተረት ልንገራችሁ» ብል እሽ አይሉም። እንግዲያው ይኸው።

እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጨ ነው፤ የምጽፈውም እንደምናገረው ነው። ከመንገድ ወጣ ካልሁ ታገሱኝ፣ ዕድሜየን መንገደኛ ነበርሁ። በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ከቡሬ ገዝቼ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ፣ አንዳንዴም ወንድሜን ልጠይቅ እያልሁ እስከ ፈረስ ቤት እወጣ ነበር። ባሌ በጊዜ ስለሞተብኝ ልጆቼን ያሳደግሁት በእግሬ ነው። ሁለት ነበሩ። ወንዱ ታላቅ፣ ሴቷ ታናሽ፤ ታናሽቱ የእናንተ እናት ናት።

ጦርነቱ ከኤርትራ ጋር በወሰን የተደረገው ነው። ደርግ ወድቆ፣ ጠመንጃ ሰለቸን፣ እፎይ አልን ባልንበት ዘመን መጣ። ልጄ መሬት ሲደለደል ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ የታለፈ ነው። የሰው እርሻ በእኩል እያረሰ አንገቱን ደፍቶ ይኖር ነበር። «ዘምቼ ስመለስ መሬት ይሰጡኛል» አለኝ። «ማን አለህ?» ስለው «ሁሉም ይላል» አለኝ። ሁሉም ያለውን ነገር ማን ይመልሰዋል።

የሸኘሁት ፍኖተ ሰላም ነው። በርበሬየን የምጭንበት አይሱዙ ያን ዕለት ሰው ጭኖ ቆመ። የበርበሬ ጆንያ ላይ እንኳ ሾፌሩ ሰው አያስቆምም ነበር፣ ይደቅቃል እያለ። ልጆቹን ግን አንዱን ባንዱ ላይ ጠቀጠቋቸው። ፈንድሻ ይረጭባቸዋል፣ ከበሮ ይመታል። ድምፅ ማጉያ የያዘ ጎልማሳ «እናቶች፣ እልል በሉ እንጂ!» ይላል። ከጎኔ የቆመች አንዲት ባልቴት «እልልታውን ሲመለሱ ብናደርገውስ፣ ልጄ?» አለችው።

«አንች አሮጊት፣ ሞራል አትግደይ!»

«ሞራል የሚሉት ልጅ የማን ነው?» አለች ወደ እኔ ዞራ። ሳቅን። የዚያ ፈንድሻ ሽታ እስካሁን አፍንጫየ ውስጥ አለ፤ በልደት በዓል እንኳ ፈንድሻ ሲቆላ ከቤት እወጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ስንቅ ተባልን። በየጎጡ ገብስ ቆልተን በሶ ፈጨን። ራዲዮው ደመሰስን ይላል፣ ማረክን ይላል። የእኛስ ስንቱ? እሱን አይልም። እኔ ራዲዮ ሲከፈት በሶ እየፈጨሁ ወፍጮየን አጮኸዋለሁ፣ ላልሰማ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ሰውየው ከቤት ሳይወጣ፣ የቅርብ ዘመዱ ባለበት፣ ሽማግሌ ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣል። ዘመድ በሌለበት መርዶ መንገር ነውር ነው፤ ሰውየው ራሱን ቢጥል ማን ይይዘዋል? በዚያ ዘመን ታዲያ በማለዳ የሰው በር የሚያንኳኳ ጠፋ። እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት እንኳ ከአጥር ውጭ ሁና «እሳት ነው! እሳት ብቻ ነው!» ብላ ጮኻ ነበር የምትገባ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ግንቦት፣ ትልቁ ውጊያ ሆነ ተባለ። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ያለ ልክ ወረደ። አንድ ማለዳ ጥጃ ላስወጣ በር ስከፍት ሦስት ሽማግሎች አጥሬ ሥር ቆመዋል፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። እንዴት አደርሽ አላሉኝም።

አልጠበቅኋቸውም። «ልጄን!» ብየ ጭቃው ላይ ወደቅሁ። ሴቷ ልጄ ከውስጥ ወጥታ አብራኝ ወደቀች። ጎረቤት እየጮኸ ደረሰ፤ አንዷ ፊቷን ስትነጭ፣ አንዷ ደረቷን ስትደቃ፣ ሰፈሩ ባንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሆነ። ትልቁ ሽማግሌ፣ ድንበር ሲጋፋ የሚዳኘን የጎረቤቴ አባት፣ መንገዱን ቁልቁል ያያል፣ እኔን ያያል፣ ደግሞ መንገዱን ያያል።

«ኧረ ስሚን! አንች ሴት፣ ኧረ ዝም በይ!» አለ።

«ምኑን ልስማ! ምኑን ልስማ!»

«ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣን!»

ጩኸቱ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ።

«ልጅሽን ለልጅ ልጄ። ለጋብቻ ነው» አለ፣ ላቡ በጢሙ እየወረደ።

ፊቷን የነጨችው ጎረቤቴ ተቆጣች። «ታዲያ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ፊቱ እንዲህ ይጠቁራል?»

«ፊቴን ተይው፤ የፈጠረኝ የሰጠኝ ነው።»

እንዴት እንደሳቅን! ጭቃ በአፌ ሞልቶ ሳቅሁ። በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል ብለው አጽናኑኝ። አንደኛው ሽማግሌ ግን አልሳቀም፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ። ሽማግሌ ኮስታራ ነው አልሁ። የክረምት አፋፍ ላይ ልጅ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ግን ልጇ ከሞት የተመለሰላት ሴት ስለ ወቅት ትጠይቃለች? እሽ አልሁ። ያለ አማላጅ፣ ያለ ቀጠሮ፣ እሽ።

ያኔውኑ ተኩስ ቆመ ተባለ። ፍኖተ ሰላም እንደገና ከበሮ፣ እንደገና ያ ድምፅ ማጉያ። «እንግዲህ ልጄ ይመጣል፣ ሠርጉ እሱን ይጠብቃል» ብየ ለሽማግሌው ላክሁበት። ራሱ መጣ። «ሠርግ ወንድም አይጠብቅም፣ ጥር ላይ ይሁን» አለኝ። «ወንድሟ ሳይኖር ማን ይሸኛታል?» ስለው «እኔ እሸኛታለሁ» አለ። የሙሽራው አያት ሙሽሪትን ሲሸኝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጃጀ ብየ ተውሁት።

ነሐሴ ላይ ጅጋ ገበያ ከልጄ ጋር በአንድ መኪና የሄደውን ልጅ አገኘሁት። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ ሻይ ቤት በር ላይ ክራንቹን አጋድሞ ተቀምጧል። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ሄጄ ሳምሁት።

«ልጄስ?»

«ሌላ ክፍለ ጦር ተዛውሯል፣ እናቴ።»

«ምነው ቃል አይልክ?»

«እዚያ መላኪያ የለም።»

እጁን ወደ ክራንቹ ሰደደ። እንዳይሄድብኝ ብየ «እስቲ ጦርነቱን ንገረኝ» አልሁት። ያን ጊዜ አፉ ተፈታ። ያን ያህል የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም።

«ጉድጓድ ነው፣ እናቴ። ሁለት ዓመት ጉድጓድ። እነሱ ይቆፍራሉ፣ እኛ እንቆፍራለን። ፍልፈል እንኳ እንዲያ አልቆፈረ። መድፉ ከተራራ ማዶ ነው የሚመጣ፤ የሚተኩሰው አያየን፣ እኛ አናየው። ጀግና የለም፣ ፈሪ የለም፤ ቆሎ ሲቆረጥም የተቀመጠው ባለበት ይቆራረጣል። ከዚያ ተነሱ ይባላል። ፊት ለፊት ፈንጂ ነው። የፊተኛው ይረግጠዋል፣ የኋለኛው በፊተኛው ላይ ይረማመዳል።»

«በሰው ላይ?»

«በምን ላይ ይሁን ታዲያ? መሬቱ የት አለና! ውሃ በአህያ ነበር የሚመጣልን። አህያዋ ፈንጂ ረገጠች፤ ጀሪካኑ ተረፈ። ደሟን ከላዩ ጠርገን ጠጣን።»

«የሞቱትንስ ማን ይቀብራል?»

«መጀመሪያ እኛ። ኋላ ፀሐይ። ጅቡማ ጠግቦ እፊታችን ይተኛ ነበር፤ ድንጋይ ብንወረውርበት አይነሳም።»

ከሻይ ቤቱ ጀርባ ዞሬ አስመለሰኝ። ስመለስ ውሃ አስቀድቶ ጠበቀኝ፣ የኔ ልጅ።

«ታዲያ እንዴት ሆኖ አለቀ?» አልሁት።

«በጎን ገባን። ከኋላ፣ አህያ በማትወጣው ገደል። ሲከበቡ ያን ሁሉ ጉድጓድ ጥለው ሸሹ። ከዚያ ቁሙ ተባልን። ቆምን።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እናቴ።»

ታኅሣሥ ላይ የሁለቱ አገር መሪዎች ባሕር ማዶ ሄደው ተፈራረሙ። ወሰኑን ባዕድ ይለካዋል ተባለ። ቡሬ በርበሬ ተራ ላይ አንዱ ሚዛን ያዥ «ታዲያ መጀመሪያ አያስለኩትም ነበር?» አለ። እኛ ዘንድ ሁለት ጎረቤት በድንበር ሲጣላ ሽማግሌ ገመድ ይጥላል። ገመዱ እስኪጣል ሰው የገደለ እንደሆነ እህል ውሃ አብሮት የሚቀምስ የለም። እነዚያ ግን ያን ሁሉ ልጅ ካፈሰሱ በኋላ ገመድ ፍለጋ ሄዱ፤ ሲመለሱም ተጨበጨበላቸው። ይቀፈኛል። እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።

ጥር ላይ ዳርኋት። ከፈረስ ቤት ወንድሜ መጣ። እኔ ወገቤን በመቀነት አስሬ ስጨፍር እሱ ዳስ ውስጥ ጥግ ይዞ ጠላውን አልነካም። «ምነው?» ስለው «ብርድ ነው» አለኝ። በሬ ሲታረድ የልጄን ድርሻ ለይቼ ቋንጣ አድርጌ ሰቀልሁለት። እኔ ከጅጋው ወሬ ወዲህ ሥጋ አልቀምስም፤ እሱ ግን ይወድ ነበር።

የካቲት ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እነዚያው ሽማግሎች መጡ። አሁን ወንድሜ ከፊት ነበር። አልጮኽሁም። «አሁንስ ማንን ልትጠይቁ ነው?» አልኋቸው። ወንድሜ በሁለት ክንዱ ያዘኝ።

ግንቦት ላይ ነው፣ በመጨረሻው ውጊያ፣ ወሬው ገና አሁን ደረሰን አሉኝ። አመንሁ። ሬሳ የለም። እጀ ጠባቡንና ዱላውን አልጋ ላይ ዘርግተን እሱን ዙረን አለቀስን። ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ «ኩሪ፣ ልጅሽ ለአገር ነው የተሰዋ» አለኝ። ሽታው አሁን ድረስ አለ፤ ቅባት ተቀብቶ ነበር የመጣ። ቋንጣውን ለቆሎ ተማሪዎች ሰጠሁ።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት አለፈ። እናንተ ተወለዳችሁ፤ አባታችሁ ደግ ባል ወጣው፣ አያቱ ያ ሽማግሌም አረፈ። ወንድሜ በጠና ሲታመም ፈረስ ቤት ወጥቼ ሳስታምመው አንድ ከሰዓት «ልንገርሽ፣ ይዤው አልሂድ፤ ሽማግሎቹ ልጅ ልንጠይቅ ነው ካሉ ወዲያ፣ ለቅሶ ሠርጉን እንዳያፈርሰው ብለን ሁላችን ደበቅንሽ» አለኝ። ጅጋ ያገኘሁት ልጅ ገና ሰኔ ላይ፣ ከሆስፒታል እንደ ወጣ፣ በክራንቹ ከሽማግሎቹ ቤት ሄዶ ልጄን በእጁ እንደቀበረው ነግሯቸው ነበር። እነሱም ወንድሜን አስጠሩት። ሽማግሎቹ በአጥሬ ሥር ቆመው መንገዱን ቁልቁል ሲያዩ የሚጠብቁት እሱን ነበር፤ እሱ ደግሞ ወንዝ ሞልቶበት፣ ለመርዶየ የታጠቀውን ጥቁር እንደታጠቀ፣ ማዶ ቆሞ ነበር።