የመምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ

ወንድሜን እስከ መጨረሻው ባስታመምኩበት የሆስፒታል ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል አንድ የዓለም አቀፍ ግንኙነት መምህር ተኝተው ነበር። በፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው፣ ብዕራቸውን ደረት ኪሳቸው ላይ ሰክተው ነበር የሚውሉት። አንድ ቀን ተማሪያቸው ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ለአፍሪካውያን ለሚሰጥ የማስተርስ ነፃ የትምህርት ዕድል የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋታል፤ ማመልከቻው በማግስቱ ይዘጋል።

«ጋሼ፣ ከደከመዎ ይብቃን።»

«ጻፊ እንጂ፤ ድካሙን ለእኔ ተዪው።»

ኦክስጅናቸውን እየሳቡ አስጻፏት። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ደንቡ፣ «ለተጨማሪ መረጃ ይደውሉልኝ» ብላ ስልካቸውን ስታስገባ እጃቸውን አነሱ።

«እሱን አውጪው።»

«ሁሉም ደብዳቤ ላይ አለ እኮ ጋሼ።»

«የሚያዩት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ደውለው ካላነሳሁ፣ ስላንቺ ግድ የሌለኝ ይመስላቸዋል።»