ያልተገኘው ጥምዘዛ

ባለቤቴን ግርማን ከቀበርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። በደርግ ዘመን እዚሁ ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ አዳራሽ ያሳለፍነው አንድ ከሰዓት በኋላ ሰሞኑን ደጋግሞ ይመጣብኛል።

ግርማ ፊዚክስ ይማር ነበር፤ ጥናቱ ስለ ስበት ነው። የፓስፖርቱ ጊዜ ሊያልቅ ተቃርቧል። ፓስፖርቱ ካልታደሰ ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱም አይታደስም፤ ያለ ፔርሜሶ ደግሞ ወደ አገር መመለስ ነው። እዚያ ወንድሙ ታስሯል። እሱም ቢመለስ የሚጠብቀውን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ያኔ ተማሪ ሁሉ በውይይት ክበብ ፊት ቆሞ ትምህርቱ ለሰፊው ሕዝብ የሚሰጠውን ጥቅም ያስረዳል፤ ከዚያ ሂስ ይቀበላል። ያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ካድሬ ነበር። ፓስፖርት የሚታደሰው እሱ ሲፈቅድ ነው። አንዱ ስለ ሲሚንቶ፣ ሌላው ስለ ከብት በሽታ ተናግረው ተጨበጨበላቸው።

አጠገባችን የተቀመጠ ጓደኛችን ለግርማ፣ «ስለ ሳተላይት በልና ተገላገል» ሲል አንሾካሾከለት።

ግርማ ተነሣ። ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳብ አድርጎ ወሰደ።

«ኅዋና ጊዜ እንደዚህ ጨርቅ ናቸው እንበል። ክብደት ያለው ነገር ያጎብጣቸዋል፤ ይህ የታወቀ ነው» አለና መሃሉን በቡጢው ተጫነው። ቀጥሎ ጫፉን ጠመዘዘው። «እኔ የማጠናው፣ የጥቃቅን ቅንጣቶች ሽክርክሪት ደግሞ እንዲህ ይጠመዝዛቸው እንደሆነ ነው።»

«ጓድ ግርማ፣ ይሄ ጥምዘዛ ጤፍ ያበቅላል?» አለ ካድሬው። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«አያበቅልም።»

«ለመሆኑ ታይቷል?»

«በመሣሪያም አልተገኘም። ጭራሽ ላይኖርም ይችላል።»

ሳቁ ቆመ። ጓደኛችን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ካድሬው ግርማን ትክ ብሎ አየው። ማንም አላሳለም።

በመጨረሻ፣ «ኢምፔሪያሊዝም የላከው ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ውሸት ያስይዘው ነበር» አለ። «ተቀመጥ። የሴትየዋንም ነጠላ መልስ።»

ፓስፖርቱ ታደሰለት።

መንገድ ላይ፣ «ምናለ አንዴ ብትዋሽ?» አልኩት።

«በሌላ ነገር እዋሽ ነበር» አለኝ። «ይሄን ግን እኔም ገና አላወቅኩትም።»

አብረን ያረጀንባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚያ መልስ የመጡ ናቸው፤ ይህን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ያ ዝምታ ትዝ ሲለኝ ዛሬም እቆጣዋለሁ። ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ ጮክ ብዬ እከራከረዋለሁ። ከዚያ መልሱን እጠብቃለሁ።