ቁልቁለት ላይ የሞከርናት የባትሪ መኪና

የበኩር ልጄ የሰይድ መርዶ የደረሰኝ ድንች ስቆፍር ነበር። እህል የጫነበት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ገባ።

ዛሬ ታናሹ ኑሩ ለእርሻችን የባትሪ መኪና እንምረጥ ብሎ ይዞኝ ሄደ። የወደዳት የጎልፍ መኪና ትባላለች፤ ሀብታሞች ሜዳ ላይ ኳስ እየተከተሉ የሚንሸራሸሩባት ናት አሉ። እኛ ደግሞ ፍግ ልንጭንባት።

ኑሩ ስለ ባትሪው ሲጠይቅ እኔ የጠየቅሁት ስለ ፍሬኑ ብቻ ነው።

ሻጩ ደልዳላ መሬት ላይ ነድቶ አሳየን። «እኛ በቅሎ እንኳ ጭነን ቁልቁለት ሳናስወርድ አንገዛም» አልኩት።

«አይፍሩ እናቴ፣ ይቺ እኮ አትሮጥም» ብሎ ሳቀ።

«የሞተው ልጄ ባጃጅም አይሮጥም ነበር» ስለው ጆንያ መጫን ጀመረ።

ኑሩ ቁልቁለቱን እየነዳ ወረደ። መሀል ላይ ፍሬን ያዘ፤ ቆመች። «አየሽ እማ?» ይለኛል።

የቆመችው ግን ደረቅ መሬት ላይ ነው። የክረምቱን ጭቃ እያሰብኩ እስካሁን እሺ አላልኩትም። እንዲህ ባለ መኪና ጭነት ይዛችሁ ጭቃ የወረዳችሁ ካላችሁ፣ የገጠማችሁን ሳትደብቁ ጻፉልኝ።

ለሰይድም ዱዓ አድርጉለት። አላህ ቀብሩን ያስፋለት በሉልኝ።