መቀስ፣ ጃንጥላ፣ ወንዝ

ምላጭ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ አንድም ስለ እጇ፣ አንድም ስለ ምላሷ። በእጇ በኩል እውነታቸውን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በመርሳት በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል ከሽንኩርት ልጣጭ ይበልጥ አቅጥና ስትቆርጥ፣ ቀለም ስታስነካ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ያለቁትንና የተረፉትን ሕዋሳት ስትቆጥር ኖራለች። በምላሷ በኩልም አልዋሹም። ሥራ ያዝረከረከ ሰው ፊቷ ከቆመ አለቀለት!

ምድር ቤት ያለችው ክፍሏ መስኮት የላትም። ሁለት ማቀዝቀዣ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በቃ። ምሳዋን ኮሪደር ላይ ቆማ ትበላለች፤ ምግብ ወደ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነዋ። ከማቀዝቀዣዎቹ ድምፅ በቀር የሚያዋያት የለም። በወጣትነቷ አንድ የፊዚክስ መምህር "ላግባሽ" ብሏት ነበር፤ "ይህን ጥናት ልጨርስና" አለችው። ጥናቱ ሌላ ጥናት ወለደ፤ መምህሩም ከሌላ ሴት ሦስት ልጆች ወለደ። አይ ጊዜ! ብቸኝነቱ እንደሚከብዳት ለማንም ትንፍሽ አትልም፤ ግን ይከብዳታል። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሬዲዮ የምትከፍተው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ያ በሽታ፣ ሌላ ቤት የሌለ ይመስል፣ የእናቷን በር አንኳኳ። እናትየው የሚኖሩት ከታናሽ እህቷ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ነው። መጀመሪያ ምድጃ ላይ የጣዱትን ረሱ፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠፋቸው። ምላጭ ይህን መንገድ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ መጨረሻው ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ተደርድሯል። ስለዚህ ትዳንልኝ ብላ አልተመኘችም። የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔን ሳትረሳኝ ትቆይልኝ። ባለቤት የለ፣ ልጅ የለ፤ እናቷም ከረሷት ማን ቀረላት?

ታዲያ እንደ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ወሬ አታወራም፤ አልቻለችበትማ! ከመሥሪያ ቤቷ ላይኛው ፎቅ፣ በሕይወት ያሉትን ሕመምተኞች ከሚመረምሩት ዘንድ፣ የማስታወስ መፈተኛ ቅጽ አንድ ጥቅል ለምና አመጣች። እሑድ እሑድ ሰዓቷንና እስክሪብቶዋን ይዛ ፊት ለፊታቸው ትቀመጣለች።

"እማዬ፣ ሦስት ቃላት እነግርሻለሁ፣ ያዢልኝ። መቀስ፣ ጃንጥላ፣ ወንዝ።"

ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሳ ትጠይቃለች። እናትየው ቀኑንና ወሩን መናገር ካቃታቸው ከርመዋል፤ ሦስቱን ቃላት ግን አንድም ቀን አልሳቱም። "ሦስት ከሦስት!" ትላለች፤ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ትነሳለች። ሥራ አለባት።

አንድ እሑድ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ያዘቻት። "እትዬ፣ ትናንት እኮ እማዬ 'የማን ልጅ ነሽ?' አለችኝ።"

"ውጤቷ አልወረደም።"

"አንቺንስ 'እርስዎ' የምትልሽ ለምን መሰለሽ?"

"ዶክተር ስለሆንኩ እየቀለደችብኝ ነዋ! ቀልድ ካወቀች ደህና ናት።"

"እስቲ በሞቴ፣ ወረቀቱን ትተሽ ፊቷን እይው።"

"ወረቀት አይዋሽም።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችና እህቷ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ምላጭ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሄደች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሞላና ቅጹ አለቀ። በዚያ እሑድ ባዶ እጇን ገባች። እናትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ገና "እንደምን ዋልሽ" ሳትል ቀና ብለው አዩዋትና፣

"መቀስ፣ ጃንጥላ፣ ወንዝ" አሉ።

ምላጭ ክው አለች። ቅጹ እኮ አራት ዓይነት ነው፤ ቃላቱ የሚቀያየሩት ተፈታኙ በልማድ እንዳይሸመድዳቸው ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የለም! እሷ ራሷ የአንድን ወጣት ተመራማሪ ጥናት "ሁልጊዜ አንድ ቅጽ? ይህ ፈተና ነው ወይስ የሕፃናት መዝሙር?" ብላ ጥላበታለች። እናቷ ላይ ግን ያንኑ ስትደግም ከረመች። ፎቅ ወጥቶ ሌላውን ቅጽ መጠየቅ ታክቷት ነው? አይደለም። ልቧ ያውቀው ነበር፤ ያቺን ሦስት ከሦስት እንዳታጣት ፈርታ ነው።

"ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመደው ነው የምትሰነብተው" አለች ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። "ፊቷን ስትታጠብም እሱኑ ነው የምትለው።"

ምላጭ ወንበር ሳብ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። እንዲህ ስትቀርባቸው የመጀመሪያዋ ነው።

"እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ?"

እናትየው ለእንግዳ የሚሰጠውን ፈገግታ ፈገግ አሉላት። "ጠያቂዋ ነዎታ! ምነው፣ ልክ አልመለስኩም?"

"ልክ ነሽ። ሦስት ከሦስት።"

"ተመስገን። ልጄ ዶክተር ናት። ልክ ስመልስ ፊቷ ይፈካል፤ እሱን ብዬ ነው እንዳይጠፋኝ የምታገለው።" እጇን ያዝ አደረጉት። "ስትመጣ ይንገሩልኝ። እናትሽ አንዱንም አልረሳችም ይበሉልኝ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። "እኔ ነኝ እኮ!" ብላ ልትጮህ ቃጣት። ግን ደስታቸውን ማን ይነጥቃቸው?

"እነግራታለሁ" አለች እንባዋን እየዋጠች።

"አደራ። እሷ እንደሆነች ብዙ አትቀመጥም፤ ሥራ አለባት። ሳትሄድ ይንገሯት።"