ወንድሜ የማይቆጥረው ላፕቶፕ

ታላቅ ወንድሜ ላፕቶፕ ጠጋኝ ነው። ሃያ ዓመት የተበላሸ ብቻ እያየ ኖሮ ፊቱ ተፈትቶ አያውቅም። የእኔን ዓይነት ላፕቶፕ ደግሞ ዓይኑ እንዲያየው አይፈልግም። ሱቁ በሄድኩ ቁጥር ግድግዳው ላይ ወደለጠፈው ወረቀት ይጎትተኛል፤ የትኛው ዓይነት ስንቴ ለጥገና እንደመጣ ጽፎበታል።

«ከመቶ ሠላሳው ያንቺ ዓይነት ነው። ዛሬ ነገ ጉድ ይሠራሻል!»

«ወንድም ጋሼ፣ የእኔ እኮ አንድ ነው። ሠላሳ እጁ የቱ ጋ ነው የሚበላሸው፣ ክዳኑ ላይ?» እለዋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም።

«ቁጥር አይዋሽም!»

«ደህናዎቹ አንተ ጋ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? ሰላም ሊሉህ?»

ይህን ስለው ዓይኑ ደም ይለብሳል። እሱ ለሰው ሁሉ «ግዙ» የሚለው ዓይነት ወረቀቱ ላይ አንድም ጊዜ አልተመዘገበም።

ትናንት ስገባ ያንኑ ዓይነት ላፕቶፕ ገልብጦ ብሎኑን ይፈታል። የራሱ ነው።

«ስንተኛ ጊዜው ነው?» አልኩት።

«አራተኛ» አለ፣ ሳያስበው።

እስክሪብቶ አንስቼ ወደ ወረቀቱ ስሄድ ዘሎ እጄን ያዘኝ።

«አትንኪ! እሱ አይቆጠርም፤ የራሴ ነው!»