የጅዳው ቴስተር

ባሌ ጀብሪል መካነ ሰላም ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ሲጠሩትም የቤትና የወፍጮ መብራት ይሠራል። ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚለካውን ቴስተር ከገበያ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ለእሱ ነው። ጀብሪል ማሸጊያውንና ቀለሙን ዞር ብሎም አያይም። ገመዱን አጣጥፎ ይፈትሸዋል፣ የጀርባውን ብሎን ፈትቶ ፊውዝ ይፈልጋል፣ ከዚያ መብራት እንዳለው በሚያውቀው ሶኬት ይሞክረዋል። «ርካሽነቱ አያስፈራኝም፤ ውሸቱ ነው የሚያስፈራኝ። የሌለውን አለ ቢል ሥራ ያስፈታል፣ ያለውን የለም ቢል ግን ይገድላል» ይላል። ታዲያ ለሰው እንዲህ የሚመክረውን ሰውዬ ይሉኝታ ሊበላው ነበር። ወይ ይሉኝታ! እሳት ይብላውና!

የሚሌኒየሙ በዓል በተከበረ በዓመቱ ታላቅ እህቱ ኡምኩልሱም ከጅዳ ለዕረፍት መጣች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጀብሪልንና ታናሹን ሰዓድን ሰው ቤት ለፍታ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ለጀብሪል ስክሪኑ የሚያበራ ቢጫ ቴስተር ይዛለት መጣች። «ኦርጅናል ነው፤ የዐረብ አገር ዕቃ!» አለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ከዐረብ አገር የመጣ ስጦታ ላይ እንከን ማውጣት በሰጪው ላብ ላይ መትፋት ነው። ጀብሪል ጓዳ ገብቶ ጀርባውን ከፈተው። በፊውዙ ቦታ ቀጭን ሽቦ ተበይዷል፤ ገመዱም ነካ ሲያደርጉት ይቋረጥና ቁጥሩ ይጠፋል።

«የድንጋይ ባትሪ ለመለካት ካልሆነ ለሌላ አይሆንም። ትንፍሽ እንዳትዪ፣ አደራ!» አለኝና መልሶ ገጠመው። ወጥቶም «አላህ ይስጥልኝ እታለም፤ እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼ አላውቅም» አላት።

በማግስቱ የአድማሴ ወፍጮ ቆመና ጀብሪልን አስጠራው። ኡምኩልሱም «እኔም ልይ፤ ያንን አሮጌህን ግን ተወው» ብላ አብራው ሄደች። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል አሮጌው ቴስተር ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። አነሣሁትና ባዶ እግሬን ሮጥኩ። «ምነው፣ በሰላም ነው?» የሚለኝን ሁሉ እያለፍኩ፣ «ያ ረቢ፣ እጁን ያዝልኝ» እያልኩ ነው የምሮጠው።

ስደርስ አድማሴ ዋናውን ማጥፊያ አውርዶታል፤ ቢጫው ቴስተር ዜሮ ይላል። «አየህ! ቁልጭ አድርጎ ሲናገር!» ትላለች ኡምኩልሱም። ጀብሪል ላብ በላብ ሆኗል። ቁጥሩን እንዳላመነው ከፊቱ አወቅሁ። እጁ ግን ወደ ሽቦው እየሄደ ነው።

«ተው! በአላህ ተው!» ብዬ ጮህኩ።

አሮጌውን ከእጄ ተቀብሎ ሽቦው ላይ አሳረፈው። መርፌው ዘሎ ጥግ ያዘ። ለካስ ማጥፊያው ውስጡ ተጣብቆ ኖሯል፤ እጀታው ቢወርድም መብራቱ አልተቋረጠም። አድማሴ «በስመ አብ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

ኡምኩልሱም ግን ተቆጣች። «የዋሸው አሮጌው ነው! የእኔ ዜሮ ብሏል፣ ይኸው!» ብላ እጇን ወደ ሽቦው ሰደደች። ጀብሪል ክንዷን መትቶ መለሰው።

«እታለም፣ ዕቃሽ አይረባም! ትናንትም አውቄያለሁ!» አላት።

ክንዷን ይዛ ቆመች። «ሰዓድ…» አለች። «ለሰዓድም ልኬለታለሁ።»

ሰዓድ ወረኢሉ ላይ በየቤቱ መብራት እየዘረጋ ነው የሚኖረው። ጀብሪል ሞባይሉን ሲያወጣ ነጥቄው ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ኡምኩልሱም ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ዱዓ ያነበንባል። በመጨረሻ አነሣ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ይሰማል።

«ቴስተሩ ደረሰህ?» አልኩት።

ሳቀ። «ደርሶኛል። ከፍቼ ባየው ፊውዝ የለው፣ ምን የለው! ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ለእታለም ግን እንዳትነግሪያት፣ አደራሽን፤ ታዝናለች።»

ኡምኩልሱም ስልኩን አየችው፣ ከዚያ ጀብሪልን አየችው። እንባዋን ለመጥረግ እንኳ እጇን አላነሣችም።

«እኔ እንዳይከፋኝ ብላችሁ ልትሞቱብኝ ነበር?» አለች።